ነቀዝ ለቀማ በመሳለሚያ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲባል እየሰማን አደግን። ስም ከኮምፒዩተር በታች ሊቀር እንደሚችል ግን የተረዳነው በ2017 ዓ.ም. ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት፣ ለማስተማር ልምምድ መሳለሚያ አካባቢ ወደምትገኝ አንዲት ትምህርት ቤት በተመደብን ጊዜ ነው። ውድ አንባቢያን፣ የትምህርት ቤቷን ስም ባንጠቅስ አትቀየሙን፤ ጥፋቱ በአመዛኙ የእኛ የአምስታችን ስለሆነ የእሷን ስም ማንሳቱ ተገቢ አይደለም።

መሳለሚያን የማታውቁ ካላችሁ፣ የእህል በረንዳ ሰፈር ነው። ገና በጠዋቱ አይሱዙው ጤፉን ያራግፋል፤ ተሸካሚው ኩንታሉን ትከሻው ላይ ጭኖ «መንገድ! መንገድ!» ይላል፤ በመስኮት የሚገባው አቧራ የስንዴ ይሁን የበርበሬ በማስነጠስ ብቻ ነው የሚለየው። እዚያ ድምፁን ሳያሳድግ አርባ አምስት ደቂቃ ያስተማረ ሰልጣኝ ካለ እጁን ያውጣ።

በሁለተኛው ሳምንት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጠሩንና «ከእናንተ መካከል ኮምፒዩተር የሚያውቅ አለ?» አሉን። መቼም ሰልጣኝ ሲጠየቅ አላውቅም ማለት አይወድም። አምስታችንም «አለን» አልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤቷ መዝገብ ቤት ከ1981 እስከ 2003 ዓ.ም. ያሉትን የስምንተኛ ክፍል ሮስተሮች በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ሰው አስተይቦ በ23 ቴክስት ፋይሎች አስቀምጧል። ቴክስት ፋይል ማለት ጌጥ የሌለው፣ ፊደልና ምልክት ብቻ የያዘ ጽሑፍ ነው። ለየዓመቱ አንድ ፋይል፣ ለየተማሪው አንድ መስመር፤ በመስመሩም ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ፆታ፣ ክፍልና አማካይ ውጤት በኮማ ተለያይተው ይሰፍራሉ። የቀድሞ ተማሪ ማስረጃ ሊያወጣ ሲመጣ፣ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ (ጡረታቸው የቀረበ፣ እኛ «ጋሼ» የምንላቸው ሰው) መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው ፋይሎቹን አንድ በአንድ ያነባሉ። ዓመቱን በትክክል የማያስታውስ ሰው ከመጣ ግማሽ ቀን ይሄዳል። እኛም «ጋሼ፣ በአንድ ደቂቃ የሚፈልግ ስክሪፕት እንጽፍልዎታለን» አልናቸው።

ስክሪፕት እንግዲህ ለኮምፒዩተር የሚሰጥ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። የኛው ፓይተን በተባለው ቋንቋ የተጻፈ፣ ከስልሳ መስመር የማይበልጥ ነበር። በፋይል ውስጥ ቃል መፈለግ አዲስ ጥበብም አይደለም። በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ኬን ቶምፕሰን «ግሬፕ» የሚባለውን ፈላጊ ፕሮግራም ያወጣው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ ስንወለድ የፕሮግራሙ ዕድሜ ወደ ሠላሳ ይጠጋ ነበር። ስለዚህ ቀላል መስሎን ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ስክሪፕቱ ማንንም አላገኘም። ማንንም! ፋይሉን ፊት ለፊት ከፍተን፣ ስሙን እያየን ስንጽፍለት «የለም» ይላል። ጥፋቱን ለማግኘት ሦስት ሰዓት ፈጀብን፤ ሲገኝ ደግሞ የሚያሳፍር ሆነ። «ካልገጠመ የለም በል» የሚለውን ትእዛዝ ያስቀመጥነው መስመር በመስመር በሚዞረው ድግግሞሽ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ማሽኑ የመጀመሪያውን ተማሪ ብቻ አይቶ «እሱ አይደለም፤ እንግዲያው የለም» ብሎ ይመለሳል። በር ላይ የቆመ ዘበኛ ከተሰለፈው ሰው ሁሉ ፊተኛውን ብቻ «አንተ እገሌ ነህ?» ብሎ ጠይቆ፣ «አይደለሁም» ሲባል «እገሌ አልመጣም» ብሎ በሩን ቢዘጋ ማለት ነው። ትእዛዙን ከድግግሞሹ አውጥተን ከመጨረሻው መስመር በኋላ አደረግነው። ከዚያ አሥር ስም ከፋይሉ እያየን ሞከርን፤ ዘጠኙ ተገኙ። አሥረኛውን «የሆነ የትየባ ነገር ይሆናል» ብለን አለፍነው። ይቺን «ይሆናል» ልብ በሉልን።

በነገራችን ላይ፣ ፈረንጆቹ እንዲህ ያለውን የፕሮግራም ስህተት «ባግ» ይሉታል፤ ተባይ ማለታቸው ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ማርክ ቱ በተባለው ግዙፍ ማሽን ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ተገኝታ በሥራ መዝገቡ ላይ ተለጥፋለች ይባላል ብቻ ሳይሆን ገጹ ራሱ ተቀምጧል። ቃሉ ግን ከዚያ በፊትም በመሐንዲሶች አፍ ነበር። እኛ መሳለሚያ ስለነበርን «ነቀዝ» አልነው። እህል በረንዳ ላይ ነቀዝ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከውጭ ሲታይ ፍሬው ደህና ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው።

ስክሪፕቱን ለጋሼ አስረከብን። ተደሰቱ። ማስረጃ ፈላጊ ሲመጣ ስሙን ይጽፋሉ፣ ማሽኑ «አለ» ወይም «የለም» ይላል፣ ያበቃል። እሳቸው ጥንቁቅ ሰው ስለሆኑ ግን «የለም» የተባለውን ሰው ሁሉ ስሙንና ተማርኩ ያለበትን ዓመት በሰማያዊ ደብተር ይመዘግቡ ነበር። ለምን እንደሚመዘግቡ ስንጠይቃቸው «ልማድ ነው» አሉን። እኛም የድሮ ሰው ልማድ ብለን ሳቅን።

ሁለት ሳምንት አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት አንዲት እናት መጡ። ዕድሜያቸው አርባን ያለፈ፣ ሻሻቸው ላይ የስንዴ ብናኝ ያረፈ፣ እህል በረንዳ እህል በማበጠር የሚተዳደሩ ናቸው። ባለፈው ሳምንት መጥተው «የለሽም» ተብለው ተመልሰዋል። አንድ መሥሪያ ቤት የጽዳት ሥራ አውጥቶ የስምንተኛ ክፍል ማስረጃ ጠይቋል፤ ምዝገባው የሚዘጋው ዓርብ ነው። እውነተኛ ስማቸውን እዚህ አንጽፈውም፤ ለነገራችን እንዲመች ዓለም ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ እንበላቸው። የተማሩት በ1989 ዓ.ም. ነው።

እንደገና ጻፍን። «የለም» አለ። «እትዬ፣ ሌላ ትምህርት ቤት እንዳይሆን?» አልናቸው።

«ልጆች፣ እኔ እዚሁ ነው የተማርኩት» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «የተቀመጥኩበትን ክፍል ላሳያችሁ? ጣራው ያፈስ ስለነበር ዝናብ ሲመጣ ዴስካችንን እየገፋን መሃል ላይ እንሰበሰብ ነበር። እናንተ የለሽም ስላላችሁኝ አልተማርኩም ማለት ነው?»

ከመካከላችን አንዱ «ሲስተሙ ነው» አለ። በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ሲሉን ደማችን የሚፈላበት ቃል ነው፤ ከገዛ አፋችን ሲወጣ መስማት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ያየው ያውቀዋል። እትዬ ነገ እመለሳለሁ ብለው ወጡ። የቀን ሥራ ነው፤ የቆሙበት ሰዓት ሁሉ ከኪሳቸው የሚቆረጥ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት ተቆጣጣሪ መምህራችን ልምምዳችንን ሊያዩ መጡ። ነገሩን ነገርናቸው። «ስክሪፕቱን ምን አድርጋችሁ ፈተናችሁት?» አሉ። ከፋይሉ ስም እያየን ጽፈን መሞከራችንን ነገርናቸው።

«እንግዲያው መልሱን አይታችሁ ነው ጥያቄውን ያወጣችሁት። በእንዲህ ያለ ፈተና ክፍሉ በሙሉ መቶ ያገኛል።»

«ከአሥር ዘጠኝ ነው ያገኘነው» አልን።

«አሥረኛውስ?»

ዝም።

ከአሥረኛው ጀመርን። በ1985 ፋይል ውስጥ ያለ አንድ አበበ ነው። መምህራችን «ማሽኑ የሚያየውን እናንተም እዩ፤ ስሙን ፊደል በፊደል ከነቁጥሩ አሳትሙት» አሉ። ለማታውቁት፣ ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ «አ» 4768፣ «በ» ደግሞ 4704 ነው። አበበ ሦስት ፊደል ነው። ማሽኑ ግን አራት ብሎ ቆጠረ! 65279፣ 4768፣ 4704፣ 4704። ያ የፊተኛው ቁጥር ምንድን ነው? አንዳንድ የመጻፊያ ፕሮግራሞች ፋይል ሲያስቀምጡ ከሁሉም በፊት የሚከቷት፣ ዓይን የማያያት ምልክት ናት። አበበ በፋይሉ የመጀመሪያው መስመር ላይ ስለነበር ምልክቷ ስሙ ላይ ተጣበቀች። ስለዚህ እንዲህ በተቀመጡት ፋይሎች ሁሉ አንደኛው ተማሪ ለማሽኑ አይታይም ነበር። አሥራ አንድ ፋይል፣ አሥራ አንድ ሰው። ፋይሉ ሲከፈት ምልክቷን እንዲጥላት አዘዝንና አበበ ተገኘ።

እትዬ ዓለም ፀሐይ ግን አልተገኙም።

ማታ ጋሼ የ1989ን ፋይል ከፍተው በልማዳቸው በዓይን ማንበብ ጀመሩ። ሃያ ደቂቃ አልሞላም። «ይቻትና!» አሉ። ተንጋግተን ሄድን። መስመሩ ላይ «አለምጸሀይ» የአባት ስም «ሀ/ስላሴ» ይላል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጊዜ የተሰማንን ለመግለጽ እንቸገራለን። የጋሼ ዓይን «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ልዩነት እንዳላቸው እንኳን አላስተዋለም፤ አንብቦ አለፈ። ለማሽኑ ግን ፀ 4928 ነው፣ ጸ 4920 ነው፤ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። እኛ ሳንመጣ በፊት ቢሆን ኖሮ ሴትየዋ በመጡበት ቀን ማስረጃቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር። ሥራ አቀለልን ብለን ያደረግነው ይህን ነው።

ከመካከላችን ሒሳብ የሚወደው ወረቀት አነሳ። «ዓለም» የሚለው የመጀመሪያ ድምፅ በአ፣ በኣ፣ በዐ፣ በዓ ይጻፋል፤ አራት። ፀ እና ጸ፤ ሁለት። የ«ፀሐይ» መካከለኛዋ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ፤ ስድስት። ስሙን አጋጥሞ ወይም አለያይቶ መጻፍ፤ ሁለት። ይህ 96 ይሆናል። የአባት ስም ደግሞ ኃ በስድስት፣ ሥ በሁለት፣ ሴ በሁለት፣ መግጠምና መለያየቱ በሁለት፤ 48። አንዱ በሌላው ሲባዛ፣ ምህጻሩን ሳንቆጥር፣ የአንዲት ሴት ስምና የአባት ስም በ4608 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። አስቂኙ ነገር፣ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የ«ሀ» ቁጥርም 4608 ነው። አጋጣሚ ነው፤ ትርጉም የለውም፤ ነገር ግን በዚያች ሌሊት ትርጉም ያለው መስሎን ተያይተን ነበር።

እዚህ ላይ የአማርኛ ሰልጣኟ ጓደኛችን ተቆጣች። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ እየተባለ የተለየው በከንቱ አይደለም፤ በግዕዝ ሠዐለ ሲባል ሥዕል ሠራ፣ ሰአለ ሲባል ለመነ ነው፤ ፊደሉን ብትለውጠው ሠዓሊው ለማኝ ይሆናል አለችን። እውነቷን ነው። የሚተይበው ሰው ግን በቀን ሁለት መቶ ስም ሲተይብ እጁ የቀረበለትን ቁልፍ ነው የሚመታው። አንደኛው ጓደኛችን «እንግዲያው ፋይሎቹን በሙሉ በአንድ ፊደል እናስተካክላቸው» ሲል ጋሼ ከወንበራቸው ተነሱ። «የሰው ስም ነው! መዝገብ አትነኩም። ፈልጉ እንጂ አታርሙ።»

ስለዚህ ያደረግነው እንዲህ ነው። ዋናው መስመር እንዳለ ይቀመጣል፤ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ቅጂ በጎኑ ይሠራል። በቅጂው ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ፤ ክፍተቱም፣ የድሮ ትየባ ላይ ያለው ሁለት ነጥብም ይወጣሉ። የሚፈለገውም ስም እንዲሁ ይደረጋል። ቅጂ ከቅጂ ይነጻጸራል፤ ሲገጥም የሚታተመው ግን ዋናው ነው። በሠንጠረዡ ላይ ቤተሰቦቹ በእኩል ርቀት ስለተቀመጡ በመቀነስና በመደመር ይሠራል፤ ሐ ከሀ በ16፣ ኀ ከሀ በ128፣ ዐ ከአ በ48፣ ፀ ከጸ በ8 ይርቃሉ። ጻፍነው። ሞከርነው። «የለም።»

ረቡዕ ነበር። መብራት ሄደ። በሻማ ዙሪያ ተቀምጠን በወረቀት ላይ ፊደሉን አንድ በአንድ ቀነስን። ከኃ ላይ 128 ሲቀነስ የሚመጣው ሃ ነው፣ ራብዑ። ፋይሉ ላይ ያለው ግን ግዕዙ ሀ ነው። በአማርኛ አፍ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ አንድ ሆነዋል፤ እኛ ቤተሰቡን ስናዛምድ ይህን ረስተን ነበር። አንደኛ ክፍል የተማርነው ነገር! መብራቱ ሲመጣ ሁለት መስመር ጨመርን። ምህጻሩንም ጨመርን፤ ገ/ ሲል ገብረ፣ ወ/ ሲል ወልደ፣ ኃ/ ሲል ኃይለ ብሎ እንዲረዳ።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ቆየት ብለን አነበብን። አሜሪካ ውስጥ ሮበርት ራስል የተባለ ሰው በአጻጻፍ የተለያዩ፣ በድምፅ ግን የሚመሳሰሉ ስሞችን አንድ ላይ የሚያሰባስብ «ሳውንዴክስ» የተባለ ዘዴ በ1918 እ.ኤ.አ. በባለቤትነት አስመዝግቧል፤ ለሕዝብ ቆጠራ መዝገቦች ማውጫም አገልግሏል። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል እንዳለ ትቶ የቀሩትን ተነባቢዎች በቁጥር ይተካል። ለእኛ ግን አይሆንም ነበር፤ የእኛ ጣጣ «ዓለም» እና «አለም» ላይ እንዳየነው ከመጀመሪያው ፊደል ይጀምራልና።

ሐሙስ ጠዋት ስክሪፕቱ አገኘ። ያውም ሁለት! በ1989 ፋይል ውስጥ በሁለት የተለያዩ ክፍሎች «አለምጸሀይ ሀ/ስላሴ» የተባሉ ሁለት ተማሪዎች አሉ። አንደኛዋ አማካይ 61፣ አልፋለች። ሁለተኛዋ 43፣ ወድቃለች። የዚያን ዓመት ፋይል የተየበው ሰው የአያት ስም ዓምዱን ባዶ ትቶታል። እትዬ ከውጭ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ዓርብ ነገ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አምስታችንም በሆዳችን «የ61ዱን አትሙና ስጧቸው» እያልን ነበር። አንዳችን በአፉ አለው።

ጋሼ መልስ ሳይሰጡ ቁልፋቸውን ይዘው ወደ መጋዘኑ ወረዱ። የወረቀቱን ሮስተር አቧራውን እያራገፉ ይዘው መጡ። በያኔው የክፍል ኃላፊ መምህር የእጅ ጽሑፍ፣ በጥቁር ቀለም፣ አንደኛዋ ጋ «ኃይለ ሥላሴ»፣ ሁለተኛዋ ጋ «ሀብተ ሥላሴ» ተብሎ በሙሉ ተጽፏል። ታይፒስቱ ሁለቱንም «ሀ/» አድርጎ አሳጠራቸው። መምህሩ እንዳደረጉት ኃ እና ሀ ተለይተው ቢቆዩ ኖሮ በምህጻር እንኳ ሁለቱ ባልተምታቱ ነበር፤ የአማርኛ ሰልጣኟ በድል አድራጊነት አየችን። አያቱም፣ የእናት ስም ያለበት ካርድም ታየ። የእኛዋ ባለ 61ዷ ናቸው። ባለ 43ቷ ቢሆኑስ? 43ቱን እንሰጣቸው ነበር፤ እሱም የራሳቸው ነው። ግን እጃችን ይንቀጠቀጥ ነበር።

እትዬ ማስረጃውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ነገሩን ስናስረዳቸው ያልገባቸው መስሎን ነበር። «ወንፊት ነዋ!» አሉ። «ዓይኑ ከጠበበ ፍሬው ላይ ይቀራል፤ ከሰፋ ጠጠሩ አብሮ ይወርዳል። ለዚህ እኮ ነው ከወንፊት በኋላ በእጅ የሚለቀመው።» ወረቀቱን አጣጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱና ወጡ።

እውነት ነው፤ ጠጠሩ አብሮ መውረዱን ወዲያው አየነው። የመርካቶ አካባቢ ልጆች ስም በፊደል ብቻ አይለያይም፤ አንዱ መሐመድ፣ ሌላው ሙሐመድ፣ ሦስተኛው ሞሐመድ ብሎ ይጽፋል። ፋጡማ አለች፣ ፋጢማ አለች። ማርያም እና ማሪያም አለ። የሰፈሩ ስም ራሱ «መሳለሚያ»ም «መሳለምያ»ም ተብሎ ይጻፋል። ሩሲያዊው ቭላዲሚር ሌቨንሽታይን በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት ሁለት ቃላት በስንት ፊደል እንደሚለያዩ መቁጠር ይቻላል፤ የአንድ ፊደል ልዩነት እንዲፈቀድ አደረግን። ያን ጊዜ ታደሰ እና ታደለ አንድ ሰው ሆኑ! የእኛ አንዷ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ተሸክማ ስለምትሄድ ስማችን አጭር ነው፤ ከአጭር ስም ላይ አንድ ፊደል ማለት ብዙ ነው። ስለዚህ ይህን ለማሽኑ አልተውንለትም። በአንድ ፊደል የሚለያዩትን «ሊሆን ይችላል፣ ወረቀቱ ይታይ» ብሎ እንዲዘረዝር ብቻ አደረግን፤ መልቀሙ የጋሼ ነው።

መጨረሻ ላይ የለወጥነው አንድ ቃል ነው፤ ከስልሳውም መስመር የከበደን እሱ ነበር። ስክሪፕቱ «የለም» ማለቱን ትቶ «በእነዚህ 23 ፋይሎች ውስጥ አላገኘሁም» እንዲል አደረግን። ጋሼ «ረዘመ» ብለው ትንሽ አጉረመረሙ።

ከዚያ ሰማያዊውን ደብተር ከፈትን። 41 ስም። በሁለት ሳምንት ውስጥ «የለህም» «የለሽም» ብለን የመለስናቸው ሰዎች ናቸው። አንድ በአንድ እንደገና ፈለግን። 28ቱ በአዲሱ ስክሪፕት ተገኙ፤ 6ቱን ጋሼ ከወረቀቱ አገኟቸው። ስልክ ቁጥር የተጻፈላቸው ግን ከሁሉም 11 ብቻ ናቸው። ደወልንላቸው። አንዱ ስልኩን አንስቶ «አሁን ምን ያደርግልኛል፣ ቀኑ አለፈ» አለንና ዘጋው። ይቅርታ እንኳ አላስጨረሰንም።

ለቀሩት፣ «ማስረጃችሁ ተገኝቷል» የሚል ዝርዝር ጽፈን የትምህርት ቤቷ በር ላይ ለጠፍን። ስንጽፍ ክርክር ተነሳ፤ ስሞቹን በየትኛው አጻጻፍ እናውጣቸው? በፋይሉ ነው፣ በሮስተሩ ነው ወይስ በሰዋስው? ጋሼ «ራሳቸው ባጻፉኝ» ብለው ደብተሩን አቀበሉን።

ልምምዳችን ባለቀበት ሳምንት አንድ ሰው ጋሪውን አቁሞ ጣቱን በዝርዝሩ ላይ ከላይ ወደ ታች ሲያወርድ አየነው። ከመጨረሻው ሦስተኛው ላይ ጣቱ ቆመ። ወደ ዘበኛው ዞሮ «መዝገብ ቤት በየት ነው?» አለ። በደብተሩ ላይ ምንም ያልተጻፈባቸው ሰባት ስሞች አሉ፤ ጋሼ አሁንም መጋዘን እየወረዱ ይፈልጋሉ።